በማን እጅ?

ፈቃዱ ለእውነት ሲል እንግሊዝ አገርን የተወ ሰው ነው ይባላል። ውሸት ነው። እንግሊዝ አገር ለመሄድ የእርሱን ያህል የጓጓ ሰው ናይሮቢ ውስጥ አላጋጠመኝም። ለእውነትም ቢሆን ከሌሎቻችን የተለየ ፍቅር አልነበረውም። አከራያችንን ሲዋሽ ሰምቼዋለሁ፤ ፖሊስን ሲዋሽ ደግሞ አጠገቡ ቆሜ አድንቄዋለሁ።

ባለፈው ወር አንድ የናይሮቢ ወዳጄ ደውሎ መሞቱን ነገረኝ። ስለ ሕመሙ ጥቂት ብሎ ቶሎ ወደ ቀብሩ ስብከት አለፈ። ሰባኪው "የእውነት ሰማዕት" ብሎታል አሉ። "የእንግሊዝ በር ተከፍቶለት ሳለ እርሱ ለእውነት ሲል በገዛ እጁ ዘጋው" ብሎም ሰዉን አስለቅሷል። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተሰበረ፤ እኔ ግን ተናደድኩ። አንድን ሰው በሕይወት ሳለ እየቆራረጡ ሲወስዱት ኖረው፣ ሲሞት እንኳ ሙሉውን አለመቅበር ነውር ነው። ስለዚህ የማውቀውን እጽፋለሁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ናይሮቢ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ተጋርተን እንኖር ነበር። እርሱ ወደ አርባ የተጠጋ፣ ወለጋ ተወልዶ እዚያው እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ እኔ ገና ሠላሳ ያልሞላኝ፣ መጽሐፍ አንብቤ የጨረስኩ የሚመስለኝ ጎረምሳ ነበርኩ። እርሱ አጥባቂ ጴንጤ ነው፤ እኔ ምንም አልነበርኩም። እሁድ እሁድ ግን አብሬው ላቪንግተን እሄዳለሁ። እዚያ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን አለ። ጠዋቱ የእነርሱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ አዳራሹን ለእኛ ስደተኞች ይለቁልናል። እኔን የሚወስደኝ ከጸሎቱ በኋላ የሚቀርበው ሻይና ከሻዩ ጋር የሚነሳው ክርክር ነበር።

ፈቃዱን ሲያስተረጉም ያላየ ሰው አላየውም። መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት የኮቱን ቁልፎች በሙሉ ይቆልፋል፤ ሲወርድ ይፈታቸዋል። እንግሊዛዊ ሰባኪ መጥቶ ሁለት ዓረፍተ ነገር ካከታተለ መዳፉን ወደ ሰውየው ፊት አዙሮ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ያቆመዋል። ሰባኪው ሲጮህ እርሱ አይጮህም። ለምን እንደማይጮህ የጠየቁትን ሰዎች "ጩኸቱን በጆሯችሁ ሰምታችኋል፤ እኔ የምነግራችሁ ያልሰማችሁትን ነው" ብሏቸዋል። ማሳመር አይወድም፤ ማሳጠር ደግሞ ፈጽሞ አይሆንለትም። "የሰው ቃል የሰው ዕቃ ነው" ይላል፣ "ስትሸከም ግማሹን መንገድ ላይ ጥለህ አትገባም።"

ከአገሩ ቤተ ክርስቲያን ይዞት የመጣው አንድ ልማድም ነበር። ደርግ ቤተ ክርስቲያናቸውን ባሸገባቸው ዓመታት በየሰዉ ቤት ተደብቀው ሲጸልዩ የማንንም ስም አይጠሩም ነበር። ማን ቤቱን እንደሰጠ፣ ማን ለታሰረው ስንቅ እንዳደረሰ ሳይነገር ዓመታት አለፉ። በሩ ሲከፈት ሽማግሌዎቹ አንድ ሥርዓት አወጡ። ለምስክርነት የሚቆም ሁሉ "እግዚአብሔር ረዳኝ" ሲል ጉባኤው "በማን እጅ?" ብሎ ይጠይቀዋል፤ እርሱም የሰውየውን ስም ጠርቶ ያመሰግናል። ፈቃዱ ይህን ልማድ ናይሮቢ አምጥቶ አስለመደን። "እግዚአብሔርን አመስግኖ ሰውን መዝለል ሌብነት ነው" ይል ነበር። "በማን እጅ?" ብለው የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ እትዬ ዘነበች ነበሩ፤ በዚያ የመከራ ዘመን ወንዶቹ ሲታሰሩ የራሳቸውን ከተማ ጉባኤ ከጓዳቸው ሆነው የመሩ፣ ድምፃቸው ከመድረኩ ማይክ የሚበልጥ ሴት።

የፈቃዱ ሚስት አስቴር እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ናት። ከእርሱ ቀድማ በዘመድ በኩል ገብታ ጥገኝነት ጠይቃለች፤ ጉዳይዋ ግን አልተወሰነም፤ እስኪወሰን ባሏን መጥራት አትችልም። እርሱ በራሱ ቪዛ ጠይቆ ተከልክሏል። እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ስልክ ትደውላለች። ደወሉ ሲሰማ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅለታል፤ ሮጦ ይገባል። ሲወጣ ፊቱን አይቶ ስለ ጉዳዩ የሚጠይቀው አልነበረም።

ሚስተር ዌልተን የመጣው በዚህ መሃል ነው። እንግሊዝ አገር ክርስቲያን ሆና እንድትቀር የሚታገል ማኅበር መሪ ነኝ አለ። በዚያ ዘመን እንግሊዞች ስለ ራሳቸው ክፉኛ ይጨቃጨቁ ነበር። እሁድ ሱቅ ይከፈት ወይስ አይከፈት፣ ሴት ቄስ ትሁን ወይስ አትሁን፣ መንግሥት ለሙስሊሞች ትምህርት ቤት ገንዘብ ይስጥ ወይስ አይስጥ፣ እንግሊዛዊ ማለት ማን ማለት ነው። እኔ በሬዲዮ እከታተለው ነበር። ዓለምን ሲቀርጹ ኖረው "እኛ ማን ነን?" ብለው ሲጨነቁ መስማት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ጭቅጭቁ ላቪንግተን ድረስ ይመጣል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

ዌልተን ሰበከ፤ ፈቃዱ አስተረጎመ። "በአገሬ እሁድ ሱቅ ይከፈታል!" አለ ዌልተን በምሬት። ጉባኤው በትሕትና "እግዚኦ!" አለ፤ ግማሹ ጠዋት ኢስሊ ገበያ ሲሸጥ አርፍዶ የመጣ ነው። "ሴቶች ቄስ ካልሆንን ብለው ቤተ ክርስቲያኔን እያፈረሱ ነው!" አለ። ፈቃዱ ይህን ሲያስተረጉም ዓይኑን ከእትዬ ዘነበች ላይ አላነሳም። እትዬ ዘነበች አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ሴት ዘንበል ብለው፣ "ለካ እኛ ስንሠራው የከረምነው ማፍረስ ኖሯል" አሉ፤ በሹክሹክታ መሆኑ ነው፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማ።

ከስብከቱ በኋላ ዌልተን ፈቃዱን ለብቻው ያዘው። እንግሊዝኛው የሚሰማ፣ መልኩ የሚታዘንለት፣ ታሪክ ያለው ሰው ፈልጎ ነበር። በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት እየዞረ ምስክርነት የሚሰጥ ከሆነ ግብዣውንም ቪዛውንም ማኅበሩ ያስጨርሳል። ለመነሻ በሚቀጥለው እሁድ ምስክርነቱ በቪዲዮ ይቀረጻል።

ወደ ሳውዝ ሲ የሚወስደን ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ተጨናንቀን ተቀምጠን ጠየቅሁት።

"የሚፈልጉት ምንድን ነው፣ ጋሽ ፈቃዱ?"

"ሙስሊም ያሳደደው ክርስቲያን።"

"አንተን ያሳደደህ ሙስሊም አይደለማ!"

"አይደለም። በመንግሥት ለውጡ ጊዜ ጠብመንጃ ይዘው የመጡብኝ ሰንበት ትምህርት ቤት አብረውኝ የዘመሩ ናቸው። አንዱ ሚዜዬ ነበር።"

"ደብቆ ያሻገረህ ደግሞ..."

"አደም ነው። የማውቀውን አትንገረኝ።"

"ታዲያ ምን ልትል ነው?"

መስኮቱን አየ። "ሞያሌ ደረስኩ፤ እግዚአብሔር አሻገረኝ። ይኸው ነው። ውሸት አለበት?"

"የለበትም።"

"እንግዲህ ዝም በል።"

ልብ በሉ፤ ሰማዕት የተባለው ሰው ያቀደው ይህን ነበር። አስቴርም የመከረችው ይህንኑ ነው። በቀጣዩ እሁድ ከቀረጻው በፊት ደወለች። የቢሮው በር ክፍት ስለነበር የእርሱን ድምፅ እሰማ ነበር። "እሺ አስቱ... አውቃለሁ... እሺ አልኩሽኮ።" ሲወጣ፣ "የሚሉህን በልና ና ትለኛለች" አለኝ። "ሰው እዚያ ሄዶ ነው እውነቱን የሚናገረው አለች።" ከዚያ የኮቱን ቁልፎች ቆለፈ።

ካሜራው መሃል ላይ ተተክሏል። ዌልተን ከጎኑ ቆሞ ፈገግ ይላል። የራሱን ምስክርነት በአማርኛ እየተናገረ በእንግሊዝኛ የሚያስተረጉመው ያው ፈቃዱ ነው፤ ግራና ቀኝ እየዞረ ከራሱ ጋር የሚነጋገር ይመስል ነበር። ደርግ ሲያስረው የነበረውን ተናገረ። ስለ ሽሽቱ ተናገረ፤ "የታጠቁ ሰዎች" አለ እንጂ ማንነታቸውን አላነሳም። ዌልተን ራሱን ነቀነቀ። ዕቅዱ ሠምሯል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረው እያልኩ ነው።

"ሞያሌ ደረስኩ። እግዚአብሔርም አሻገረኝ" አለ። በእንግሊዝኛም ደገመው።

"በማን እጅ?" አሉ እትዬ ዘነበች።

በክፋት አልነበረም። ሁልጊዜም ይጠይቃሉ። ያስተማራቸውም እርሱ ነው። ፈቃዱ ግን ሰው ከኋላው በጥፊ እንደመታው ሆኖ ቆመ። አዳራሹ ይጠብቃል፤ ካሜራው ይቀርጻል።

"ምን አሉ?" አለ ዌልተን።

ፈቃዱ ወደ እርሱ ዞረ። ከዚያ፣ ምናልባት አስተርጓሚ ስለሆነ፣ የተጠየቀውን ጥያቄ ሳያስተረጉም ማለፍ ስላልቻለ፣ በእንግሊዝኛ "በማን እጅ እንደሆነ ይጠይቃሉ" አለው። ጥያቄው በሁለቱም ቋንቋ አየሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ የሚሸሽበት ቋንቋ አልቀረውም።

"አደም በሚባል ሰው እጅ" አለ።

አንዴ ከጀመረ ደግሞ ማሳጠር አያውቅም። አደም ሞያሌ ያለው ወንድሙ ቤት እንዴት እንዳስገባው፣ ሽርጥ አስታጥቆ ኮፍያ እንዳደረገለት፣ አሳዳጆቹ ደርሰው በሩን ሲደበድቡ አደም ወጥቶ "ወላሂ፣ የእህቴ ባል ነው" ብሎ እንደማለላቸው፣ እነርሱም በመሐላው አምነው እንደተመለሱ፣ አንድ በአንድ ዘረገፈው። አሳዳጆቹ እነማን እንደነበሩም ተናገረ። ከአዳራሹ ግማሹ "ሃሌሉያ!" አለ። ሌላው ግማሽ ዌልተንን ያይ ነበር።

ዌልተን ጨዋ ሰው ነው፤ እጁን ጨበጠው። በጣም ልብ ይነካል አለ። በእርግጥ ትንሽ ማሳጠር ያስፈልጋል፤ በአገራችን አሁን ባለው ሁኔታ እንዲህ ዓይነቱ ታሪክ ሕዝቡን ግራ ያጋባል ሲልም ጨመረ።

"ግራ ይጋባ" አለው ፈቃዱ። "እኔም ሞያሌ ላይ ግራ ተጋብቼ ነበር።"

ዌልተን አገሩ ተመለሰ። ግብዣው አልመጣም።

ፈቃዱ በመልሱ የኮራ እንዳይመስላችሁ። ቤት ገብተን አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ፣ "እኚህ ሴትዮ ጉድ ሠሩኝ" አለ። ቆየት ብሎ፣ "እሺ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀ ጉባኤ ፊት ቆሜ 'ማንም አልነበረም' ልበል?" አለኝ። የያዘው እውነት አልነበረም፤ ይሉኝታ ነበር። ይሉኝታ ሰማዕት አያሰኝም፤ ቢሆንም ከብዙ ሰማዕታት የተሻለ ሥራ ሲሠራ አይቻለሁ።

በዚያ እሁድ አዳራሹ ውስጥ ሌላም እንግሊዛዊ ነበረች። ሚስ ጂል ኪሌሌሽዋ ሰፈር የምትኖር አስተማሪ ናት፤ እንደ ዌልተን ያሉትን ሰዎች አምርራ ትጠላለች። በሳምንቱ ሁለታችንንም ሻይ ጠራችን። እንግሊዝ የሁሉም ናት፣ የክርስቲያን ብቻ አይደለችም፤ ሙስሊም ክርስቲያንን ያዳነበትን ይህን ታሪክ ለንደን ላይ ሰዎች መስማት አለባቸው፤ እዚያ ያሉ ወዳጆቼ ይጋብዙሃል አለች። የፈቃዱ ዓይን እንደገና በራ። በልቡ በርሚንግሃም ደርሶ እንደነበር አውቃለሁ።

"አደምን አሁንም ታገኘዋለህ?" አለችው።

"ኢስሊ ነው፤ ጨርቅ ይሸጣል። በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ወደ ጌታ እንዲመጣ እጸልይለታለሁ።"

ስኒዋን አስቀመጠች። "እርሱ ይህን ያውቃል?"

"ነግሬዋለሁ። እኔም ላንተ ዱዓ አደርጋለሁ፣ ማን እንደሚቀድም እናያለን አለኝ።"

እኔ ሳቅሁ። እርሷ አልሳቀችም። "ይህኛውን... መድረክ ላይ መናገር የግድ ነው?"

"እርሱ ያልተቀየመበትን እናንተ ለምን ትቀየማላችሁ?"

ሻዩ ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ የግብዣው ነገር አልተነሳም። ስንወጣ ፈቃዱ ግቢው በር ላይ ለቆመው ዘበኛ ሰላምታ ሰጥቶ፣ "እንግሊዞች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ምስክር ከሩቅ አገር ያስመጣሉ" አለኝ። "ከዚያ ምስክሩ አፉን ሲከፍት ይከፋቸዋል።"

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ከቀብሩ ሰባኪ ጋር ባልተጣላሁ። ሚስ ጂል ግን ታሪኩን አገሯ ላለ ጋዜጣ ጻፈችው። ፈቃዱ ለአደም የሚጸልየውን ጸሎት ቆርጣ ጥላዋለች። የአደምን ስም፣ ሞያሌን፣ ወንድሙን፣ መሐላውን ሁሉ አስገብታለች። ለበጎ ብላ ነው። ጋዜጣው ለንደን ካሉ ነጋዴዎች በፋክስ ኢስሊ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

ፈቃዱ አደም ዘንድ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። እንደ ሁልጊዜው "አሰላሙ አለይኩም፣ አማቼ!" ብሎ እየሳቀ ገባ። ከዚያ መሐላ ወዲህ የሚጠራሩት እንዲህ ነበር። አደም ከጨርቁ ጥቅል ላይ ቀና አላለም።

"ማን ስሜን ጥራ አለህ?"

"አደም..."

"ማን ጥራ አለህ ነው የምልህ!"

"ላመሰግንህ ነው እንጂ። በሰው ፊት ላከብርህ።"

"በየትኛው ሰው ፊት? በፈረንጅ ፊት?" መቀሱን አስቀመጠ። "ስማ ፈቃዱ። እኔ የጌታዬን ስም ጠርቼ በውሸት ምያለሁ። ሰው ለማዳን ነው፤ ደግሜም አደርገዋለሁ። ግን ምያለሁ። ጾሜበታለሁ፣ አልቅሼበታለሁ፤ በእኔና በእርሱ መካከል አልቋል። አንተ ማን ነህና አደባባይ ታወጣዋለህ?"

ፈቃዱ ወደ በሩ ዞሮ የሚሰማ ሰው እንዳለ አየ።

"እዚህ ገበያ ማንም ለማንም ወረቀት አይፈርምም" አለ አደም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ይህ ከጩኸቱ ባሰ። "ወላሂ ካልኩ ዕቃው ይመጣልኛል። ትናንት አንዱ ምን አለኝ? 'የዛሬው ወላሂ የሞያሌው ዓይነት ነው ወይ?' ሳቁብኝ። ይህን ተወው። ወንድሜስ? ያኔ በሩን የደበደቡት ሰዎች እዚያው ከተማ ቀርተዋል፤ ዛሬም አሉ። የተታለሉትን አሁን አወቁ።"

"እኛ አገር... ቤተ ክርስቲያናችን ስም መጥራት..."

"የእናንተ ቤተ ክርስቲያን በሩ ተከፍቶላታል። የእኔ ወንድም በር ላይ ገና ሰው ቆሟል።"

ያን ጊዜ ፈቃዱ የሠራው ስሕተት ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ለእርሱም የገባው ያኔ ይመስለኛል። የአገሩ ሽማግሌዎች ስም ይጠራ ያሉት አደጋው ካለፈ በኋላ ነው። እርሱ ልማዱን ይዞ መጣ፤ አደጋው የማን እንደሆነ፣ አልፎለትስ እንደሆነ ሳይጠይቅ። ምስጋና ሲሰጥ የሰውየውን ኃጢአት አሳልፎ እየሰጠ መሆኑን አላየም። የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ሲፈታ አየሁት፤ ሱቁ ውስጥ ሙቀት አልነበረም።

የአደም ወንድም ቤቱን ዘግቶ ከነቤተሰቡ ወደ ኬንያ ተሻገረ። ፈቃዱ ኢስሊ መሄዱን አልተወም። አደም ውጣ አይለውም፤ ተቀመጥም አይለውም። ፈቃዱ በር አጠገብ ቆሞ፣ አደም ደንበኛ ሲያስተናግድ ያየውና ይመለሳል። አማቼ መባባሉ ቀረ።

አስቴር ከወራት በኋላ ደወለች። ዌልተን ቪዲዮውን ለካስ ተጠቅሞበታል፤ እርሷ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ታይቷል። "እግዚአብሔርም አሻገረኝ" ካለበት ላይ ተቆርጧል፤ ቀጥሎ ስለ ሙስሊሞች አደገኛነት የሚናገር ሰው ይመጣል። "የአደም ስም የለበትም ፈቄ" አለችው፤ ቃል በቃል ነግሮኛል። "አንተም የለህበትም። ታዲያ ለማን ብለህ ነው?"  ከዚያ በኋላ በየሁለት እሁድ ትደውል ጀመር፤ ከዚያ ለበዓል ብቻ። ጉዳይዋ ተወስኖ ወረቀቷን ስታገኝ ብዙ ዓመት አልፎ ነበር፤ መጥራት የምትችለውን ባል አልጠራችውም። እርሱም አልወቀሳትም። "እሷ ጠየቀችኝ፤ እኔ ለሌላ ሰው መለስኩ" ነው ያለኝ።

ማስተርጎሙን ቀጠለ። ለምስክርነት ሲቆም እትዬ ዘነበች አሁንም "በማን እጅ?" ይላሉ። እርሱም "ጠይቄው ከፈቀደ እነግራችኋለሁ" ይላል። መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ፤ ኋላ ልማድ ሆነ። ዛሬ ናይሮቢ ባሉ አንዳንድ ጉባኤዎች እንዲህ ይባላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከየት እንደመጣ ግን የሚያውቅ የለም።

የቀብሩ ሰባኪ እውነትን መርጦ በሩን ዘጋው ያለው ይህን ሰው ነው። አልመረጠም፤ ተጠየቀ። በሩንም አልዘጋም፤ ሁለት ሰዎች ከሁለት ወገን ዘጉበት፤ ሁለቱም ስለ እንግሊዝ ሲሉ። እርሱ ደግሞ ሳያውቅ የሌላ ሰው በር ከፈተ። ይህ ሁሉ በቀብር ስብከት ላይ እንደማይመች ይገባኛል።

የፈቃዱ ስም ፈቃዱ ነው፤ ሞቷል፤ ከመሞቱ በፊትም "እኔን እንደፈለግህ ጻፈኝ" ብሎኛል። አደም ያልኩት ሰው ግን ስሙ አደም አይደለም፤ የሚሸጠውም ጨርቅ አይደለም፤ በሕይወት አለ። ማን እንደሆነ የሚያውቅ ካላችሁ ዝም በሉ። የማታውቁ አትጠይቁ፤ አትፈልጉት።